አዋጁ ቆቦ እስኪደርስ፦ መዓዛ አሸናፊና የሴቶች የሕግ መንገድ

በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ ውስጥ የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ስም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከአንድ ቀን ጋር ተያይዞ ነው፤ ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርጎ ሲሾማቸው በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የሹመቱ ክብደት የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ወደ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ለምትኖር ገበሬ ሴት፣ ከሹመቱ ይልቅ የሚበልጠው ጉዳይ ሹመቱ ከመምጣቱ ሃያ ዓመት ያህል አስቀድሞ በጥቂት ሴት የሕግ ባለሙያዎች ተጀምሮ በቤተሰብ ሕጉ፣ በወንጀል ሕጉና በመሬት ደብተሩ ላይ የታየው ለውጥ ነው፤ የወይዘሮ መዓዛን ሕይወት ከቆቦ ቆሞ ማየት የሚጠቅመውም ሕግ ከወጣበት ከተማ ተነሥቶ ወረዳ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ስንት ደጃፍ እንደሚያልፍ ስለሚያሳይ ነው።

ራያ ቆቦ በምሥራቅ ከዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ ግዳንና ወደ ላስታ ከሚወጣው ደጋ መካከል የተዘረጋ ሜዳ ሲሆን፣ ከደጋው የሚወርዱት እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች ደለል እየተሸከሙ የሚያለብሱት አፈር ማሽላና ጤፍ በማብቀል የታወቀ ነው። ዝናቡ ግን ስለማይታመን ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የጎርፍ ውኃን ከመንገዱ እየመለሰ ማሳውን ያጠጣል፤ በኋላም በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት የከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶች ተቆፍረው የመስኖ እርሻ ተስፋፍቷል። እንዲህ ባለ አገር መሬት የኑሮ ሁሉ መሠረት ነው፤ ውኃ የደረሰው ማሳ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ድርብ ስለሆነ፣ ባል ሲሞት ወይም ጋብቻ ሲፈርስ «መሬቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከፍቅርም ከጸብም በላይ ይከብዳል። በዚህ ላይ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም የሚለው ልማድ ስላለ፣ ብቻዋን የቀረች ሴት ማሳዋን ለሌላ ሰው በእኩል (ምርቱን ለሁለት በመካፈል ውል) ሰጥታ ታሳርሳለች፤ አራሹም ዘመዷ ወይም የባሏ ወንድም ሊሆን ስለሚችል፣ ዓመታት ሲያልፉ ባለይዞታዋና አራሹ ማን እንደሆኑ መለየት የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ።

ቆቦ የምትገኝበት ወሎ በሴት መገዛትን የማያውቅ አገር አይደለም። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲገሰግሱ በግዛታቸው እንዲያልፉ የፈቀዱት፣ በዚህም የተነሣ ልጃቸውን በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ያጡት ወይዘሮ ወርቂት የወሎ ገዢ ነበሩ፤ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. የነገሡት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም የተወለዱት ወሎ ውስጥ ነው። ሆኖም የእነዚህ ሴቶች ሥልጣን የመጣው በዘር፣ በእናትነትና በጦር በመሆኑ ለሌላ ሴት የሚተላለፍ መብት አልነበረም፤ እመቤቲቱ ስትገዛ የእመቤቲቱ አገር ሴቶች የሚዳኙበት ሥርዓት እንዳለ ይቀጥል ነበር። በሕግና በምርጫ የሚገኝ ሥልጣን የተጀመረው በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ከሰጠ በኋላ ሲሆን፣ በዚያ መሠረት በ1950 ዓ.ም. የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆነው የተመረጡት የመጀመሪያዋ ሴት፣ የአርበኝነት ታሪክ ያላቸውና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው።

ወይዘሮ ስንዱ በገቡበት ምክር ቤት ዘመን ከታወጁት ሕጎች ትልቁ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ፍትሐ ብሔር ማለት ሰዎች እርስ በርሳቸው በቤተሰብ፣ በውርስ፣ በንብረትና በውል የሚኖራቸውን ግንኙነት የሚገዛው ሕግ ሲሆን፣ የኢትዮጵያው የተረቀቀው በፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበር። ሕጉ በብዙ በኩል ዘመናዊ ቢሆንም በቤተሰብ ክፍሉ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎ የመኖሪያውን ስፍራ መምረጥንና የሚስቱን አካሄድ መቆጣጠርን ለእርሱ ሰጥቷል፤ የጋብቻ ዕድሜንም ለወንድ 18፣ ለሴት ግን 15 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። ከእርሱ በፊት በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባት ከክስ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ ሽማግሌ ልኮ «ከሆነ ወዲህማ» ብሎ የልጅቱን ወላጆች ማስማማት ወንጀሉን ሰርግ ያደርገው ነበር ማለት ነው።

ወይዘሮ መዓዛ በ1956 ዓ.ም. በአሶሳ ሲወለዱ እነዚህ ሁለት ሕጎች ገና አዲስ ነበሩ፤ በ1978 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ሲመረቁም፣ ንጉሣዊው ሥርዓት ወድቆና ደርግ ሥልጣን ይዞ እንኳ፣ ሁለቱ ሕጎች በሥራ ላይ ነበሩ። ከምረቃቸው በኋላ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠሩ። ዳኝነት የወጣውን ሕግ ከነጉድለቱ መተርጎምን ያስገድዳልና፣ ሕጉ ሴቶችን የሚበድልበትን ስፍራ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ማየት የዘመኑ ሴት ዳኞች ሁሉ ዕጣ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ግን ሕግ ወደሚጻፍበት ቦታ ተጠጉ፤ አዲሱን ሕገ መንግሥት ያረቅቅ ለነበረው የሕገ መንግሥት ኮሚሽን የሕግ አማካሪ ሆኑ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ በተለይም መሬትን የመጠቀምና የማስተላለፍ መብታቸውን ያጸናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወስ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ ከታወጀ በኋላም የ1952ቱ ሕግ «ባል የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው» የሚለውን አንቀጽ እንደያዘ ቆይቷል። አገሪቱ ለአምስት ዓመት ያህል በአንድ እጇ እኩልነትን፣ በሌላው እጇ አዛዥነትን ይዛ ኖራለች።

ይህን መጣረስ ለመፍታት የተነሣው ተቋም በ1987 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ ከሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር የመሠረቱትና ለዓመታት በዋና ዳይሬክተርነት የመሩት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። የማኅበሩ አሠራር ከዘመኑ ማኅበራት የሚለይበት ነገር ነበረው። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌላት ሴት ወደ ቢሮው ስትመጣ ጉዳይዋ ይደመጣል፣ ማመልከቻ ይጻፍላታል፣ ካስፈለገም ጠበቃ ይቆምላታል፤ ይህ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይባላል። ነገር ግን መዝገቡ ሲዘጋ ነገሩ አያበቃም፤ የተሰበሰቡት መዝገቦች አንድ ላይ ሲታዩ የትኛው አንቀጽ ስንት ሴቶችን እንደጎዳ የሚመሰክሩ ይሆናሉ፤ ያንን ምስክርነት ይዞ ሕግ አውጪው ፊት መቅረብ ሁለተኛው የማኅበሩ ሥራ ነበር። ባሕር ዳርን ጨምሮ በክልሎች የተከፈቱት ቅርንጫፍ ቢሮዎችም ይህን አሠራር ከዋና ከተማው ውጭ አወጡት።

ከእነዚያ መዝገቦች በአገር ውስጥም በውጭም የታወቀው በአርሲ የተፈጸመው የጠለፋ ጉዳይ ነው። የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ትገድላለች፤ በአካባቢው ልማድ ደም የሚከፈልበት፣ በዐቃቤ ሕግ ዘንድም የግድያ ክስ የሆነውን ጉዳይ ማኅበሩ ይዞ ተከራከረና ፍርድ ቤቱ ልጅቱ የገደለችው ራስን ለመከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ክርክሩ የልጅቱን ሕይወት ብቻ አላተረፈም፤ ለዘመናት ከሰርግ ዓይነቶች እንደ አንዱ ይቆጠር የነበረው ጠለፋ በአደባባይ ስሙ ወንጀል ሆኖ እንዲጠራ አደረገ። በራያ ሜዳ «ጠለፋ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ እንዳለው እዚህ ላይ ማስታወስ ደግ ነው፤ ወንዝንና ጎርፍን ከመንገዱ መልሶ ወደ ማሳ ማስገባት ጠለፋ ይባላል፣ ልጅን ከመንገድ ነጥቆ ወደ ቤት ማስገባትም እንዲሁ ጠለፋ ይባላል። ቋንቋው ሁለቱን የሚያይበት ዓይን፣ ባለቤት የሌለው ነገር ለቀደመ እንደሆነ የሚናገር ይመስላል።

ጉዳዩ በ2006 ዓ.ም. በዳይሬክተር ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሆኖ ወጥቷል፤ ርእሱ ጀግንነትንም መደፈርንም በአንድ ቃል የሚይዝ መሆኑ ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ፊልሙ ከውጭ አገር ሽልማት ቢያገኝም፣ ታሪኳ የተተረከው ሴት ፈቃዷ እንዳልተጠየቀ ገልጻ በመክሰሷ የአዲስ አበባው የመክፈቻ ዝግጅት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋርጦ ነበር። በአንድ ወቅት ፍርድ ቤት ነጻ ያወጣት ልጅ ካደገች በኋላ በራሷ ታሪክ ላይ ያላትን መብት ለማስከበር ወደ ፍርድ ቤት መሄዷ፣ ከፊልሙ ይልቅ የማኅበሩን ዓላማ የሚያስረዳ ፍጻሜ ነው ማለት ይቻላል።

ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ማኅበሩ ከሌሎች የሴቶች ድርጅቶች ጋር ለዓመታት የወተወተበት ውጤት ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት ሆነ፤ የባል አስተዳዳሪነት ቀርቶ የቤተሰቡ አመራር የሁለቱም ተደረገ፤ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረትም የአንዱ የግል ሀብት መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል ተባለ። ከሁሉ ይልቅ ግን ብዙም የማይወራለት ለውጥ የፍቺው ነው፤ በ1952ቱ ሕግ ባልና ሚስት ሲጣሉ ጉዳዩን የሚያዩትና ፍቺን የሚወስኑት ከሁለቱ ወገን የሚመረጡ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አዲሱ ሕግ ሽማግሌዎችን ለዕርቅ ትቶ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። በእያንዳንዱ ጠብ ውስጥ አጎትና የክርስትና አባት፣ ሼህና የጎረቤት ሽማግሌ በሚገቡበት በወሎ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ንብረት የሚከፋፍለው ሰው የባል ዘመድ ወይም የባል ወዳጅ ከመሆን ይልቅ የማያውቃቸው ዳኛ ሆነ።

ይሁን እንጂ አዋጁ በወጣበት ዕለት ቆቦ አልደረሰም። በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ሥርዓት የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎች ስለሆነ፣ አዋጅ 213 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነበር፤ ራያ ቆቦ ያለች ሴት የአማራ ክልል ምክር ቤት የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 እስኪያወጣ ድረስ ሦስት ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረባት። በአንጻሩ የወንጀል ሕግ የፌዴራል በመሆኑ፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ በዚያው ቀን በቆቦም ይሠራ ጀመር። ያ ሕግ ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከማድረጉም በላይ፣ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ ደነገገ፤ ያለ ዕድሜ የሚፈጸም ጋብቻንም ራሱን የቻለ ወንጀል አደረገው። የ1949ኙ ቀዳዳ የተደፈነው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው።

የመሬቱ ጉዳይ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ደሴ ዙሪያና በምሥራቅ ጎጃም ጎዛምን በሙከራ ጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ያስፋፋው የመሬት ይዞታ ምዝገባ፣ ለባለይዞታዎች የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የሚለጠፍበት ደብተር የሚሰጥ ነው። ይዞታ ማለት መሬቱን የመጠቀም፣ የማከራየትና የማውረስ መብት እንጂ የመሸጥ መብት አይደለም፤ መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። ቢሆንም የሚስት ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ መኖሩ፣ የቤተሰብ ሕጉ በቃል የሚናገረውን እኩልነት ወረዳው ቢሮ ውስጥ በተቀመጠ ወረቀት ላይ ያስቀምጠዋል፤ መሬቷን በእኩል የሰጠች መበለት ከአራሹ ጋር ስትጣላ ምስክር ከመፈለግ ይልቅ ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች። የማኅበሩ አባላት በከተማ ችሎት የተከራከሩለት ሐሳብ በገጠር ሥር የያዘው ከአንቀጾቹ ይልቅ በዚህ ደብተር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማኅበሩ ራሱ መንገዱ አልጋ ባልጋ አልሆነለትም። በ1994 ዓ.ም. መባቻ፣ በአንዲት ሴት ላይ ይደርስ የነበረን ተደጋጋሚ ጥቃት የፍትሕ አካላት ቸል ብለዋል ብሎ በይፋ ከተቸ በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር ታግዶ ነበር፤ እግዱ ብዙም ሳይቆይ ቢነሣም፣ መልእክቱ ግልጽ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ደግሞ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው አሥር በመቶ እንዳይበልጥ ስለወሰነ፣ የነጻ የሕግ ድጋፉን ሥራ ክፉኛ አዳከመው፤ አዋጁ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ በ2011 ዓ.ም. ነው። ወይዘሮ መዓዛ በዚያን ጊዜ ማኅበሩን ለተተኪዎች አስረክበው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በአማካሪነት ሠርተዋል፤ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውንና አብዛኞቹ ባለአክሲዮኖቹ ሴቶች የሆኑትን የእናት ባንክ የዳይሬክተሮች ቦርድም በሊቀ መንበርነት መርተዋል። ከፍርድ ቤት ወደ ባንክ መሄድ ለአንዳንዱ የመስመር ለውጥ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ዋስትና የሚሆን ንብረት በስሟ የሌላት ሴት ብድር አታገኝም፣ ንብረት በስሟ እንዲሆን ያደረገው ደግሞ ሕጉ ነው።

የ2011ዱ ሹመት የመጣው ካቢኔው ለሁለቱ ጾታዎች እኩል በተከፈለበትና ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ በፕሬዚዳንትነት በተሰየሙበት በዚያው ወር ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቆቦ ጉዳይ ላይ ያለው ሥልጣን የሚመነጨው በተለይ ከሰበር ሰሚ ችሎቱ ነው። ሰበር ማለት በመጨረሻ ፍርድ ያገኘ ጉዳይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ተፈጽሞበታል ሲባል ፍሬ ነገሩን ሳይሆን የሕጉን አተረጓጎም ብቻ ለማረም የሚታይበት ችሎት ሲሆን፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራሉ ሰበር ችሎት የሰጠው ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። በቆቦ ወረዳ ፍርድ ቤት የተጀመረ የባልና ሚስት ንብረት ክርክር ወደ ወልድያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ሌሎች ባልና ሚስት፣ ምናልባትም ስለ አንድ የሐዋሳ ቤት፣ አዲስ አበባ ላይ የተሰጠ ትርጉም ያንን ክርክር ገና ቆቦ ሳለ ሊወስነው ይችላል።

በወይዘሮ መዓዛ ዘመን የወጡት አዋጅ ቁጥር 1233/2013 እና 1234/2013 የዳኞችን አስተዳደርና የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን አደረጃጀት ያሻሻሉ ሲሆን፣ የዳኝነት ነጻነትን የማጠናከር ዓላማ ነበራቸው። ይህ ሁሉ ግን የሆነው አገሪቱ በጦርነት ውስጥ ሳለች ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዳግመኛም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ራሷን ቆቦን ደርሶ ሕዝቡ ሲገደልና ሲፈናቀል፣ የመንግሥት ሥራ ሲቋረጥ፣ የተሻሻለ አዋጅ ችሎት የማይቀመጥበት ቦታ ምን ሊሠራ እንደሚችል ራሱን የቻለ ጥያቄ ነበር። ወይዘሮ መዓዛ በጥር 2015 ዓ.ም. ከምክትላቸው ጋር ከሥልጣን ለቀቁ። በዚህ ጽሑፍ ሚዛን ሲመዘን፣ የሴትዮዋ ዘላቂ አሻራ ከአራት ዓመቱ ፕሬዚዳንትነት ይልቅ በማኅበሩ ዘመን ያመዝናል፤ ወንበሩ የተሰጣቸው በሹመት ነው፣ የቤተሰብ ሕጉ ግን ለማንም በሹመት አይሰጥም።

በራያ የሚቀረው ሥራ ከአዋጅ ይልቅ ከማስረጃ ጋር የተያያዘ ነው። ሕገ መንግሥቱ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ ስለሚፈቅድ፣ ሽማግሌዎችም የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ድርሻ አላቸው፤ ሴቲቱ የፈቀደችው በእርግጥ ወድዳ ነው ወይስ ከዘመድ ላለመጣላት ነው የሚለውን ግን የሚለካ አንቀጽ የለም። ዕድሜዋም እንዲሁ ነው። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ማለት ልጅቱ መቼ እንደተወለደች ይታወቃል ማለትን ይጠይቃል፤ በገጠር ግን የልደት ቀን የሚቆጠረው በድርቁ ዓመት፣ በመኸሩ ወይም በታላቅ ወንድም ዕድሜ ስለሆነ፣ ወላጆች አሥራ ዘጠኝ ብለው ያመጧትን ልጅ ዐቃቤ ሕግ አሥራ አምስት ናት ለማለት የሐኪም የዕድሜ ምርመራ ይጠይቃል፤ የሐኪሙም ግምት የዓመታት ልዩነት ይኖረዋል። በኢትዮጵያ ልደትንና ጋብቻን በመዝገብ የሚያሰፍረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ምዝገባው እንደተጀመረ ተወልዳ ስሟ መዝገብ ላይ የሰፈረላት የቆቦ ልጅ 18 ዓመት የሚሞላት በ2026 ዓ.ም. ማብቂያ ነው።